የወፍጮው ስም

ላይኛው ዶቃበር ውስጥ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ከታጠበ በኋላ ወደ ቤቱ ይደውላል። የሚደውለው አሁን ወዳደረበት ቤት አይደለም፤ ታች ሐይቁ ወደዋጠው ነው። መስመሩ ጥቂት ይንሾካሾክና የድሮው ቤት ይመልሳል። በሩ ዝግ ነው ይላል። ታንከሩ ግማሽ ውሃ አለው። የግቢው መብራት ማታ በሰዓቱ በርቶ ጠዋት በሰዓቱ ጠፍቷል። ደዋዩ “ተመስገን” ብሎ ይዘጋና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ላይኛው ከተማ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የታችኛው ታንከር ግን መቼም ግማሽ ነው።

እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይገረማል። የአገሩ ሰው ከለመደው ቆይቷል። ሐይቁ በየክረምቱ እየሰፋ መጥቶ መጀመሪያ የከብት ገበያውን፣ ቀጥሎ ባቡር ጣቢያውን፣ በመጨረሻም ከተማውን ጠቅልሎ ሲወስድ፣ መሐንዲሶቹ የዶቃበርን ኔትወርክ እንዳለ በኮምፒውተር ገልብጠውት ነበር። የየቤቱ የበር ደወል፣ የውሃ ቆጣሪው፣ የመንገድ መብራቱ፣ የሱቁ መዝጊያ፣ ሁሉም ከነመስመሩ ተገለበጠ። ኮረብታው ላይ አዲሱን ከተማ ሲሠሩ መሞከሪያ እንዲሆናቸው ነበር። ከተማው ተሠርቶ አለቀ፤ ሙከራውም አበቃ። ግልባጩን ሊያጠፉ በመጡ ቀን ግን እናቶች ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አንነሣም አሉ። ከዚያ ወዲህ፣ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ታችኛው ዶቃበር እንደበራ ይኖራል።

ሰዉ ይጠያየቅበታል። አንዱ የሌላውን የታችኛውን በር ይደውላል፤ ደወሉ ማንም በሌለበት ግቢ ይጮሃል፤ ባለቤቱ ላይኛው ቤቱ ተቀምጦ “በርዎ ላይ ሰው አለ” የሚል መልእክት ይደርሰዋል። በዓመት በዓል ቀን ደወሉ አያባራም።

ይህን ግልባጭ የምትጠብቀው አስካለ ትባላለች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። ከዶቃበር የወጣችው ልጅ ሆና ስለነበር ከተማውን የምታስታውሰው ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ ከሐዲዱ የሚነሣውን ሙቀት፣ እናቷ እጇን ይዛ ስታሻግራት ቆመው የሚያሳልፉትን ረጅም የጭነት ባቡር። እናቷ ካረፈች በኋላ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ታችኛው ሲያወሩ ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች፤ እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን ስለዚያ ከተማ ስትናገር ተሰምታ አታውቅም።

ችግሩ ከቁጥር መጣ። ከተማው ሲገለበጥ ሶፍትዌሩ ለየመሣሪያው ቁጥር ሰጥቶት ነበር፤ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቁጥር ነው። እማማ ሶልያና የሚባሉ፣ የዕድሜ እኩዮቻቸውን ሁሉ የሚያስተባብሩ ሴት፣ የአንዱን ዓመት ሁዳዴ በሙሉ ወደ ቤቴ ነው ብለው ወደ ሥጋ ቤት ሲደውሉ ከረሙ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል በተባሉ ቁጥር ማን ሞላው እያሉ ይጨነቁ ነበር። ልጆቻቸው ነገሩን ሲደርሱበት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ማዘጋጃ ቤት ሄዱና ቤት በስሙ ነው የሚጠራው፣ እነ እገሌ ቤት ነው የሚባለው፣ እስረኛ ነው እንዴ በቁጥር የሚጠራው አሉ።

የማዘጋጃ ቤቱ የኔትወርክ ኃላፊ አቶ ኪሩቤል አስካለን አስጠርቶ ስም መቀየሪያ ጨምሪበት አላት። ስም የሚጻፍባት አንዲት ሣጥን፣ ከጎኗ አንዲት ቁልፍ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ባይ ነበር። አስካለ ነገሩ እንደሱ እንዳልሆነ አስረዳችው። የአንዱ መሣሪያ ትዝታ ሁሉ የሚቀመጠው በቁጥሩ ሥር ነው። ስሙን ለመቀየር መሣሪያውን ማጥፋት ግድ ይላል፤ ሲነሣ ደግሞ በአዲሱ ስም ሥር ምንም አያገኝምና ከፋብሪካ እንደወጣ ቀን ባዶ ሆኖ ይነቃል። ታችኛው ዶቃበር ውስጥ ደግሞ ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ጠፍቶ የሚያውቅ መሣሪያ የለም።

“ታዲያ ትዝታውንም አብረሽ አዛውሪዋ” አለ አቶ ኪሩቤል።

እሞክራለሁ ብላ ወጣች።

መጀመሪያ በገበያው የመንገድ መብራት ሞከረችው። አጥፍታ፣ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ስም አዛውራ መልሳ ስታስነሣው ምንም አልጎደለበትም። የትምህርት ቤቱ በርም ደህና ተነሣ። ቀጥላ ከበድ ያለ ነገር ፈለገችና ወፍጮ ቤቱን መረጠች፤ ሞተር አለው፣ ሚዛን አለው፣ በር አለው። ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ ከተማው ሳይነሣ የሞተች ሴት ስም ስላገኘች የሚጠይቀው ሰው የለም ብላ አሰበች። አጥፍታ፣ እንደ ሌሎቹ ትዝታውን አዛውራ፣ ስሙን ቀየረችና አስነሣችው። መብራቶቹ አንድ ባንድ በሩ። ደስ ብሏት ምሳዋን ልትበላ ወጣች።

በማግሥቱ ጋሽ ናሆም መጡ። ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ ወፍጮው አላወቀኝም” አሉ።

አስካለ ወንበር ሰጠቻቸው። ቀስ ብለው ነገሩን አስረዷት። ወፍጮው የባለቤታቸው የሄራን ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው የበሩን ደወል በገዛ ድምፁ እንዲናገር ያደርገው ነበርና ሄራንም የራሷን ድምፅ ቀርጻበታለች። እሳቸው ማታ ማታ ከጣቢያ ሲመለሱ ሊወስዷት ይመጡና ይደውላሉ። በሩ በእሷ ድምፅ ማን ልበል ይላል። እኔ ነኝ ይላሉ። በሩም እኔ የሚባል ሰው አላውቅም ይላቸዋል። ናሆም ነኝ ሲሉ ያን ጊዜ ይከፈታል። ሄራን ካረፈች በኋላም፣ ከተማው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላም፣ በዚያችው ሰዓት እየደወሉ ያንኑ ሲባባሉ ኖረዋል።

“ትናንት ግን ሌላ ሴትዮ አነሣችው። ስምዎን ከነአባትዎ ይግለጹ አለችኝ።”

አስካለ እንድታይላቸው ጊዜ ይስጧት ዘንድ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እሺ ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከማሽኑ አልተነሣችም። የመጠባበቂያ ቅጂዎቹን አገላበጠች፣ የተሰረዘውን ቆፈረች። የሄራን ድምፅ የነበረው መሣሪያው በርቶ ሳለ ብቻ በሚይዘው ትዝታ ውስጥ ነበር። ማንም የትም አላስቀመጠውም፤ ያኖረው አለመጥፋቱ ብቻ ነው። ምሳ ልትበላ ከመውጣቷ በፊት እሷው ራሷ አጥፍታዋለች።

ወደ ጋሽ ናሆም ቤት ለመሄድ ጥቂት ቀን ፈጀባት። በሩን ሲከፍቱላት ከፊቷ ገባቸው።

“ጠፍቷል፣ ጋሼ” አለች። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን “የሌላውስ ሰው?” አሉ። “የሌላውንም እንዲህ ልታደርጊው ነው?”

መፍትሔ ሳታገኝ አንድም ቤት እንደማትነካ ቃል ገባችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ግቢ እንኳ ሳይሏት በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ከምንም በላይ የቆጫት ያ አዘጋግ ነው።

አቶ ኪሩቤል ነገሩን ሲሰማ እንደ ቀላል ነገር አየው። የሄራንን ድምፅ ከአሮጌ የሰርግና የድግስ ቪዲዮ ለቅሞ መሥራት የሰዓት ሥራ ነው አለ፤ እውነቱንም ነው፣ በዚያ ዘመን የሞተን ሰው ማናገር ብርቅ አልነበረም። በላይኛው ከተማ ግማሹ ቤት እራት የሚበላው እንዲህ ከተሠራ ድምፅ ጋር ነው። ሄዶ ለጋሽ ናሆም ነገራቸው። እሳቸው ግን እሷን መስላ የምትናገር ሌላ ሴት አላስገባም ብለው መለሱት።

አስካለ ሥራውን አቆመች። እማማ ሶልያና በየሳምንቱ እየመጡ የት ደረሰልን ይላሉ፤ እሷም ገና ነው ትላለች። እንዲህ ሲባባሉ ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት አንድ ጎረቤት ሞቶ ለአርባው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ የሟቹን ስም ሲጠሩ ከለቀስተኛው ብዙው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ የጠሩት የክርስትና ስሙን ነበር። አጠገቧ የቆመች ሴት ደግሞ ይሄ የኛው ኤቤን ነው እንዴ፣ ስሙን እንኳ ሳናውቀው ኖርን ብላ ተንሾካሾከች። አስካለ ይህን ሰምታ ቀና አለች። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ሁለት ስም ነበረው። በአንዱ ተመዘገበ፣ በሌላው ተጠራ፤ አንዱ ስላለ ሌላው አልተነካም።

ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቃ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቷ ሄደች። ቁጥሩን አትቀይረውም። ቁጥሩ እንደ ክርስትና ስም ከሥር ይቀመጣል፤ ትዝታው ሁሉ፣ መስመሩ ሁሉ እሱን እንዳወቀ ይኖራል። ሰዉ የሚጠራበት ስም ደግሞ ከላይ ይለጠፋል፤ ቢቀየር፣ ቢመላለስ፣ ማንንም አያጠፋም። ጽፋ ስትጨርሰው ቀላል ሆኖ አገኘችው። ቀላል መሆኑ አስለቀሳት። ይህንን በሰኔ፣ ወፍጮውን ሳታጠፋው በፊት፣ አስባው ቢሆን ኖሮ ጋሽ ናሆም ትናንትም ማታ ከሄራን ጋር ባወሩ ነበር።

ስም መቀየሪያው የተከፈተ ዕለት ሰልፉ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ አልፎ እስከ መንገዱ ደረሰ። ከቤት ሆኖ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን ማንም ከቤቱ ሆኖ አልጻፈም፤ ስም ማውጣት ሰው ፊት ነው አሉ። “እነ ማራናታ ቤት” ተባለ። “ጠማማው ግንብ” ተባለ። አንዱ ሻይ ቤት “ባቡር ያመለጠው” ተባለና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ አስካለን አስረዷት። ሁለት እህትማማቾች በአባታችን ይጠራ፣ በእናታችን ይጠራ ብለው ተጣልተው፣ ተኳርፈው ሄዱና ከሰዓት ተመልሰው “እነ ሁለቱ ቤት” አስባሉት። ስም የወጣለት ቤት ሲበዛ ካርታው ሌላ መልክ ያዘ። ሰዎቹ ጣታቸውን ዘርግተው ከጠማማው ግንብ ዝቅ ብለሽ፣ እነ ሁለቱን በግራ ትተሽ እያሉ ሲመሯት፣ አስካለ እናቷ እጇን ይዛ የወሰደቻት መንገድ በየት በየት እንደነበር መጀመሪያ የገባት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ናሆም ሰልፉ ሲያልቅ መጡ። ከዚያ ከበሩ ቀን ወዲህ አልተያዩም ነበር። ተቀመጡ፤ ካርታውን ብዙ ጊዜ አዩት።

“አንዴ ከጻፉት በኋላ መቀየር ይቻላል?” አሉ።

“በፈለጉ ጊዜ፣ ጋሼ።”

“ምንም አይጠፋም?”

“ምንም አይጠፋም።”

“እንግዲያው ለዛሬ የሄራን ወፍጮ በይው።”

በሳምንቱ ቅዳሜ ተመለሱና “በርበሬ አይፈጭም” በይው አሏት። ሄራን በሩ ላይ የለጠፈችው ማስታወቂያ ነበር፤ የቅመሙ ሽታ ጤፉን ያበላሽባታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ “ዝናብ ማሳለፊያ” ሆነ፤ ካፊያ በጀመረ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ እዚያ ነበር የሚጠለለው። ከዚያ “ጮክ በል” ሆነ፤ ሞተሩ ሲያገሣባት ስለሚውል ቤትም ገብታ ሹክሹክታ አታውቅም ነበር፤ ሚስጥራቸውን ጎረቤት ይሰማው ነበር አሉ። እንዲህ እያሉ በየሳምንቱ አንድ ስም ያመጣሉ፤ ስሙን ያስጽፉና ነገሩን ይነግሯታል። ያንን ሲናገሩ አይቸኩሉም። እሷም አታቋርጣቸውም።

ከተማው ነገሩን ለመደው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰዉ ካርታውን ከፍቶ ወፍጮው ዛሬ ማን ተባለ ይላል። አቶ ኪሩቤል መጀመሪያ አልጣመውም። መዝገብ የሚባል ነገር አለ፣ ስም በዓመት ከአንዴ በላይ እንዳይቀየር ገደብ አበጂለት ብሎ አዘዛት። አስካለ ሥራ በዝቶብኛል እያለች አሳለፈችው። ጥቂት ቆይቶ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያለ ደህና ናችሁ በሚል ሰበብ ስክሪኗን አየት ማድረግ ጀመረ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ናሆም ባዶ እጃቸውን መጡ።

“አለቀብኝ፣ ልጄ” አሉ። “ከዚህ በኋላ የምለው ፈጠራ ነው የሚሆነው። በእሷ ላይ ደግሞ አልፈጥርም።”

የመጨረሻው ስም እንዳለ ቆየ። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፤ ወፍጮው ያው ነው። ሰዉም ካርታውን መክፈት ተወ። አስካለ ሰውየውን መንገድ ላይ ስታገኛቸው ሰላም ይላሉ እንጂ አይቆሙም፤ አረማመዳቸው የከበደ መሰላት።

አንድ ማለዳ እማማ ሶልያና ገቡና ሳይቀመጡ ወፍጮውን ሌላ ሰው መሰየም ይችላል ወይ አሉ። አስካለ ደነገጠች። የሰውየው ፈቃድ ሳይኖር ወፍጮውን ዳግመኛ እንደማትነካ ለራሷ ከማለች ቆይታለች። እማማ ሶልያና ግን አልለቀቋትም። እኛም እኮ እዚያ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ነው ያረጀነው፤ ሄራን የእሱ ብቻ ነበረች እንዴ አሏት።

“ካልወደደው ትመልሽዋለሽ። የሚጠፋ ነገር የለም ብለሽ የለ?”

አስካለ ጣቷ እየከበዳት ያሏትን ጻፈች። ስሙ “ናሆም ሳይመጣ” የሚል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ለባለቤቱ ነው የምናገረው ብለው ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ብዙም አልቆየ። ጋሽ ናሆም ስሙን ካርታው ላይ አይተው ኖሮ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገቡ፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ሰው በእኔና በሚስቴ መሐል ምን አገባው፣ እኔ ሳልመጣ እዚያ ምን ይደረግ ነበር አሉ። አስካለ ተነሥታ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል እማማ ሶልያና በእጃቸው አስቀመጧት።

“ባቡሩ ሲጮህ” አሉ እማማ ሶልያና፣ “የማታው፣ ወደ ጣቢያው ሲቃረብ የሚጮኸው፣ ሄራን ሞተሩን ታጠፋዋለች። ማንም ይኑር ማን፣ እህሉ ግማሽ ላይ ይሁን። ናሆም ሳይመጣ ትልና ወደ ጓሮ ትሮጣለች።”

“ለምን?” አሉ ጋሽ ናሆም።

“ልትታጠብ ነዋ። ፊቷን፣ ክንዷን። ሻሿን እኛ እናራግፋለን። ከቅንድቧና ከሽፋሽፍቷ ላይ ያለውን ደግሞ በቀሚሳችን ጫፍ እኔና ማራናታ ነን የምንጠርግላት። አንድ ቀን አንተ ፈጥነህ ደርሰህ በጓሮ በኩል ነው ያስወጣናት፤ ፊቷ ሊጥ ሆኖ።”

ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ዱቄት አይቼባት አላውቅም” አሉ። “አንድም ቀን። ወፍጮ ቤት ውላ ዱቄት የማይነካት ሴት ናት እያልኩ ጣቢያ ለነበሩት ሁሉ አውርቻለሁ።”

“እናውቃለን። ባሎቻችን መጥተው ይነግሩን ነበር። ተው አትንገሩት ብላ አስምላናለች።”

ጋሽ ናሆም ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ስማቸው ያለበትን ያንን ጽሑፍ በጣታቸው ነኩት። አስካለ ወደ ቀድሞው ልመልሰው ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀቻቸው።

“ተዪው” አሉ። “ከእንግዲህ ሌላም አላመጣ። ይሄው ይሁን።”

ከዚያ ወደ እማማ ሶልያና ዞረው፣ ጓሮው ምን ይመስል ነበር፣ ውሃ ነበረው ወይ ብለው ጠየቁ። ያን ሁሉ ዘመን በፊት በር ሲገቡና ሲወጡ ኖረው የወፍጮውን ጓሮ አንድም ቀን አላዩትም። እማማ ሶልያና ክንዳቸውን ይዘው ተነሡ። ሰማያዊ በርሜል ነበር፣ ከጎኑ የፓፓያ ዛፍ፣ መስተዋት ደግሞ ዛፉ ላይ አንጠልጥላ ነበር እያሉ ይዘዋቸው ወጡ። አስካለ በመስኮቱ አየቻቸው። ውሃ ጽሕፈት ቤቱን አልፈው እስኪታጠፉ ድረስ ጋሽ ናሆም እየቆሙ ይጠይቁ ነበር።